መልስ፦ ስፒከሩ ለታብሌቱ የማይታይበት ምክንያት

ስፒከርዎ ከልጅዎ ስልክ ጋር ያለ ችግር እየሠራ ታብሌትዎ ግን ፈልጎ ሊያገኘው እንዳልቻለ ጠይቀዋል። በእኔ ግምት ስፒከሩ አልተበላሸም። አብዛኞቹ ተንቀሳቃሽ ስፒከሮች ሲበሩ አስቀድመው የሚፈልጉት የሚያውቁትን ስልክ ስለሆነ፣ የልጅዎ ስልክ ብሉቱዙ እንደተከፈተ ጓዳም ሆነ ግቢ ውስጥ እስካለ ድረስ ስፒከሩ ከእርሱ ጋር ይያያዝና ለሌላው መሣሪያ ሳይታይ ይቀራል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የዚያን ስልክ ብሉቱዝ ያጥፉ። ከዚያም በስፒከሩ ላይ የብሉቱዝ ምልክት ያለበትን ቁልፍ (በአንዳንዶቹ ማብሪያው ራሱ ነው) መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ማለት እስኪጀምር ድረስ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነው ይቆዩ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ሲሆን፣ ነካ አድርጎ መልቀቅ ብዙ ጊዜ አይበቃም። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ በታብሌቱ ሴቲንግ ውስጥ ብሉቱዝን ይክፈቱና የስፒከሩ ስም ሲመጣ ይንኩት። የይለፍ ቁጥር ከጠየቀዎት 0000 ይሞክሩ። ስሙ ቀድሞ ተመዝግቦ እያለ አልገናኝ ካለ ግን ከዝርዝሩ ሰርዘው እንደ አዲስ ያገናኙት።

ከተገናኘ በኋላ ድምፁ ቢቆራረጥ አይደንግጡ። እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ቡና እየተፈላ ሙዚቃው የሚቆራረጠው ስልኬን ኪሴ ውስጥ ይዤ ወደ ማድ ቤት ስሻገር ነበር፤ የእነዚህ ስፒከሮች ርቀት በተለምዶ 10 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ግድግዳና የሰው አካል ደግሞ ያሳጥሩታል።