«ልጄ 5ኛ ክፍል ነው፤ ምን መቻል አለበት?»

አዲስ አበባ ውስጥ 5ኛና 6ኛ ክፍል ለረጅም ዓመታት ያስተማርሁ መምህር ነኝ። ወላጆች ያቀረባችሁልኝን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ልጄ ከክፍሏ 3ኛ ወጥታለች። ከዚህ ሌላ ምን ልከታተል?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት። ደረጃዋ ግን ከጓደኞቿ አንጻር የት እንዳለች እንጂ ምን እንደምትችል አይነግርዎትም። የመማሪያ መጽሐፏን ይክፈቱ። በየምዕራፉ መጀመሪያ ላይ ተማሪዋ ከትምህርቱ በኋላ ልትችለው የሚገባው ተዘርዝሯል። ብዙ ወላጅ ያንን ገጽ አልፎት ይሄዳል። ከዝርዝሩ አንዱን መርጠው «እስቲ ሠርተሽ አሳዪኝ» ይበሏት።

ጥያቄ፦ ልጄ የማባዛት ሰንጠረዡን በቃሉ ያውቃል። በሒሳብ ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅበታል?

መልስ፦ ከሁሉም በፊት ክፍልፋይ። አስርዮሹም መቶኛውም በእሱ ላይ ነው የሚቆሙት። 1/3 ሲደመር 1/4 ስንት እንደሆነ ይጠይቁት። «2/7» ካለ ላዕሉን (የላዩን ቁጥር) ከላዕል፣ ታህቱን (የታቹን ቁጥር) ከታህት ደምሮ ነው፤ በየዓመቱ የማየው ስሕተት ነው። አይቆጡት። አንድ ድፎ ዳቦ 12 እኩል ቦታ ይቁረጡለት። ሲሶው 4 ቁራሽ፣ ሩቡ 3 ቁራሽ ነው፤ አንድ ላይ 7 ቁራሽ፣ ማለትም 7/12። ከዚያ ወደ 2/7 ይመልሱትና ከ1/3 እንደሚያንስ ያሳዩት። «ጨምሬበት እንዴት አነሰ?» ብሎ ራሱ የጠየቀ ልጅ ያንን ስሕተት ዳግም አይሠራም።

ጥያቄ፦ እኛ የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። እዚህስ?

መልስ፦ ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች በተቀበሉት «ኮመን ኮር» በተባለው የትምህርት መለኪያ ላይ የተመሠረተው የሜሪላንድ መለኪያም ከ5ኛ ክፍል ልጅ ታህታቸው የተለያዩ ክፍልፋዮችን መደመርና መቀነስን ይጠብቃል። ዳቦው ለእናንተም ይሆናል። በአማርኛ ያስረዱት፤ ልጁ ነገሩ ከገባው በእንግሊዝኛ ለመጻፍ አይቸገርም።

ጥያቄ፦ ልጄ አማርኛ ሲያነብ እንደ ውኃ ይፈስለታል። ይበቃል?

መልስ፦ አንድ አንቀጽ ያስነብቡትና መጽሐፉን ዘግተው «ምን ይላል?» ይበሉት። አሳምሮ አንብቦ ዝም የሚል ልጅ ብዙ ገጥሞኛል። በዚህ ዕድሜ ዋናውን ሐሳብ በራሱ ቃል መናገር፣ ያልተጻፈውን ከተጻፈው መገመት፣ አንድ ሐሳብ ይዞ አንድ አንቀጽ መጻፍ አለበት። ስለ እንግሊዝኛውም አስቡበት። በከተማችን 7ኛ ክፍል ሲገባ ሒሳብና ሳይንስ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቃላቱን ያኔ ከጀመረ ሸክሙ እጥፍ ይሆንበታል።

ጥያቄ፦ የአካባቢ ሳይንስ ከሽምደዳ በቀር ሌላ አጠናን አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ! ሁለት ጣሳ ላይ ባቄላ ዝሩ፤ አንዱ መስኮት ላይ፣ ሌላው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። ልጁ አስቀድሞ ግምቱን ይጻፍ፤ ከበቀለ በኋላ በየቀኑ በማስመሪያ ይለካ። ብርሃን ያላገኘው ይቀጭጫል ብሎ ሲጠብቅ፣ ገርጥቶና ቀጥኖ ከሌላው በላይ ተመዝዞ ያገኘዋል። ለምን? ብርሃን ፍለጋ ነው። መገመት፣ መለካት፣ ግምትን ከውጤቱ ማስተያየት፤ የሳይንሱ ግብ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ስላለበት ሥዕልና ስፖርቱን ላስተወው?

መልስ፦ እባክዎ አያስተዉት።

ጥያቄ፦ ልጄ 6ኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ ይቸግረዋል። አልዘገየንም?

መልስ፦ አልዘገያችሁም፣ እህቴ። የ3ኛ ክፍል መጽሐፍ ፈልገው ማታ ማታ ለ15 ደቂቃ ያህል አብረውት ያንብቡ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር እርስዎ፣ አንድ እሱ። ታናናሾቹ እንዳያዩት በር ዝጉ። መምህሩንም ነገ ሄደው ያነጋግሩ፤ ልጁ የትኛው ፊደል ላይ እንደሚቆም ለይተው ይንገሩት።