ቤተ ክርስቲያናችን ለሁለት ልትከፈል ነው፤ ዝም ልበል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከጀርመን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ትልቅ አይደለችም፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ በኪራይ አዳራሽ እንሰበሰባለን። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሕንፃ እንግዛ፣ አንግዛ በሚል ተከፋፍለናል። እንግዛ ባዮቹ ሌላውን «እምነት የላችሁም» ይላሉ። አንግዛ ባዮቹ ደግሞ «መጀመሪያ እስካሁን የተዋጣው ገንዘብ የት እንዳለ ይነገረን» ባይ ናቸው። አሁን ግማሹ ሌላ አዳራሽ እያፈላለገ ነው። ሁለቱም ወገን ይደውልልኛል። አንድ ሽማግሌ ሳማክራቸው «በመንፈስ የበሰለ ሰው ለአንድነት ሲል ዝም ይላል» አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሽማግሌው «ወሬ አታመላልስ» ማለታቸው ከሆነ ልክ ናቸው። «ስለ ገንዘቡ አትጠይቅ» ማለታቸው ከሆነ ግን በፍጹም አልስማማም። እንዲህ ያለው ዝምታ ቅሬታውን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ ውስጥ ለውስጥ መብላላቱን አያቆመውም።

ጳውሎስ ራሱ ገንዘብ ሲይዝ ምን እንዳደረገ 2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ አንብብ። በኢየሩሳሌም ላሉ ችግረኛ ቅዱሳን መዋጮ ሲሰበሰብ ብቻውን አልያዘውም። አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮት እንዲጓዝ ተደረገ። ምክንያቱንም በግልጽ ጽፎታል፦ ማንም እንዳይነቅፈን ነው፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል። ሐዋርያ ነኝና እመኑኝ አላለም። ታዲያ እናንተ ጋ ሒሳቡ ለጉባኤ ይቅረብ ያለ ሰው ለምን እምነት የለሽ ይባላል?

አንግዛ ባዮቹም ቢሆኑ ጥያቄያቸው ትክክል ስለሆነ ብቻ በስለዋል ማለት አይደለም። የቆሮንቶስን ሰዎች ተመልከት። ጳውሎስ እዚያ 1 ዓመት ከ6 ወር ተቀምጦ አስተምሯቸዋል። ስጦታ አልጎደላቸውም፤ ይተነብያሉ፣ በልሳን ይናገራሉ፣ በእውቀታቸውም ይኮራሉ። ግን ቀሎዔ የምትባል ሴት ቤተ ሰዎች ለጳውሎስ ያደረሱለት ወሬ ሌላ ነበር፦ አንዱ የጳውሎስ ነኝ ይላል፣ አንዱ ከጳውሎስ በኋላ እዚያ ያስተማረው የአጵሎስ፣ አንዱ የኬፋ (የጴጥሮስ)። በጌታ እራት ላይ እንኳ ያለው ቀድሞ በልቶ ጠጥቶ ይሰክራል፣ የሌለው ተርቦና አፍሮ ይቀመጣል። ጳውሎስ ገና ወተት የሚጋቱ ሕፃናት ያላቸው እነዚህን ሰዎች ነው። የለካቸው በትንቢታቸው ብዛት አልነበረም፤ ከማይስማሙት ወንድማቸው ጋር እንዴት እንደሚኖሩ አይቶ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው። ይህ ሁሉ በተጻፈበት በ1ኛ ቆሮንቶስ መጨረሻ፣ ምዕራፍ 16 ቁጥር 12 ላይ፣ ጳውሎስ አጵሎስን ወደ ቆሮንቶስ እንዲሄድ ብዙ እንደለመነው ይነግራቸዋል። አስበው፣ «የአጵሎስ ነን» የሚል ቡድን ወዳለበት ከተማ! እንደ ተፎካካሪ ቢያየው ኖሮ ከዚያ እንዲርቅለት ነበር የሚፈልገው። አጵሎስ ደግሞ አሁን አልሄድም አለ (ምክንያቱ አልተጻፈም፣ እኔ ግን ቡድንተኞቹን ላለማሟሟቅ ይመስለኛል)። ደጋፊዎቻቸው ሲናቆሩ ሁለቱ እርስ በርስ እንዲህ ነበሩ፤ እኛ ጋ ክፉኛ የጠፋው ይሄ ነው፣ ሳስበው ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ሁለቱም ሲደውሉልህ ስልኩን አንሳ። ስለ ሌላው ማውራት ሲጀምሩ ግን «ይሄን ለራሱ ነግረኸዋል?» ብለህ ጠይቅ። ማቴዎስ 18 «መጀመሪያ ብቻህን ሂድና ንገረው» ነው የሚለው። ከዚያ ከሁለቱም ወገን ሁለት ሦስት ሰው ይዘህ ሽማግሌዎቹ ጋ ሂዱ፤ በቴሌግራም ግሩፕ ሳይሆን ፊት ለፊት። ሒሳቡን የሚያጣራ ኮሚቴ እንዲመረጥ ጠይቁ፣ አንግዛ ባዮቹም በደንብ ይግቡበት። የሐዋርያት ሥራ 6 ላይ የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለት እርዳታ ተበደሉ ተብሎ ማጉረምረም ሲነሳ፣ ሐዋርያት ዝም በሉ አላሉም። ሕዝቡን ሰብስበው 7 ሰዎች አስመረጡ፣ ከእስጢፋኖስ እስከ ኒቆላዎስ የሁሉም ስም የግሪክ ስም ነው። አቤቱታ ያቀረበው ወገን ራሱ ማዕዱን እንዲይዝ የተደረገ ይመስላል። ይሄ ድፍረት ይጠይቃል፣ የእናንተ ሽማግሌዎች ግን ሊያደርጉት ይችላሉ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም ብትለያዩስ? ሊሆን ይችላል። ጳውሎስና በርናባስም ማርቆስን ይዘን እንሂድ፣ አንሂድ በሚል ተለያይተዋል፤ አንውሰደው ያለው ጳውሎስ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ማርቆስን ይዘህልኝ ና፣ ይጠቅመኛል ይለዋል። የሚሄዱትን ሂዱ ብላችሁ ጸልዩላቸው፤ ለቅሶና ሰርግ ላይ አትቅሩባቸው።

ጥያቄ፦ ጌታን የተቀበልኩት በቅርቡ ነው። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፣ ሁዳዴን ሙሉ ትጾማለች። እቤት ሥጋ ስሠራ በጣም ይከፋታል። ብተው እምነቴን መካድ አይሆንብኝም?

መልስ፦ አይሆንብሽም እህቴ። ሮሜ 14ን ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ የሚበላው የማይበላውን አይናቅ፣ በምግብም ምክንያት ወንድምህን አታሳዝን ይላል። እናትሽ የምታመልከው ክርስቶስን ነው። ሌሊት ተነስታ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ የምትውል ሴት ድስት ላይ ቅቤ አታግቢባት። 55 ቀን ሽሮና ምስር አብረሻት ብዪ፤ ሥጋ ካማረሽ ውጭ ብዪ። ስለ እምነትሽ ስትጠይቅሽ ሳትሸሽጊ፣ ሳትጮሂም ንገሪያት። ለፋሲካ ዶሮው ሲሠራ ደግሞ ሽንኩርቱን አንቺ ክተፊላት።