ፓስወርዱ የጋራ፣ ቁልፉ የየግል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የምናጠናበት ክፍል ዋይፋይ ጥበቃው ደብሊውፒኤ-2 (WPA2) ነው። ፓስወርዱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ የማያውቀው ሰው የለም። ታዲያ ኢንክሪፕሽኑ (ምስጠራው) ምን ይፈይዳል? አጠገቤ ያለው ልጅ የምልከውን ማንበብ ይችላል?

መልስ፦ ካወቀበት አዎ፣ ይችላል። ግን ዝም ብሎ አይደለም።

ፓስወርዱ ራሱ ምንም ነገር አይመሰጥርም። ስልክሽ ፓስወርዱንና የኔትወርኩን ስም አንድ ላይ ወስዶ 4096 ጊዜ በሒሳብ ያሽና 256 ቢት ዋና ቁልፍ ያወጣል። እስከዚህ ድረስ የሁላችሁም አንድ ነው። ቀጥሎ ራውተሩ አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ይልካል፣ ስልክሽም የራሱን ይመልሳል። ከነዚህ ቁጥሮች፣ ከሁለቱ መሣሪያዎች ማክ አድራሻ (የየመሣሪያው መለያ ቁጥር) እና ከዋናው ቁልፍ ያንቺ ብቻ የሆነ ቁልፍ ይወጣል። ለዚህ ነው የልጁ ስልክ ያንቺን ፓኬት (በአየር የሚላከውን የዳታ ቁራጭ) ቢያገኘውም በራሱ ቁልፍ የማይፈታው። እ.ኤ.አ. በ1997 የመጣው የድሮው የዋይፋይ ጥበቃ ዌፕ (WEP) ይህ አልነበረውም፤ ሁሉም በአንድ ቁልፍ ነበር የሚገባው።

ችግሩ ሁለቱ ቁጥሮች በግልጽ ነው የሚላኩት። ልጁ ፓስወርዱን ያውቃል። ስትገናኚ ጆሮውን ጥሎ ከነበረ የቀረው ሁሉ በእጁ ነው፤ ዋየርሻርክ በሚባለው የፓኬት ማንበቢያ ፕሮግራም ላይ ፓስወርዱንና የኔትወርኩን ስም ቢያስገባ ፓኬቶችሽ ይፈታሉ። ከዘገየስ? በራውተሩ ስም የሐሰት የማቋረጫ መልእክት ልኮ ያስወጣሻል። ስልክሽ ሳትነኪው ተመልሶ ሲገናኝ ቁጥሮቹን ይለቅማል።

ያም ሆኖ ኤችቲቲፒኤስ (በስልክሽና በድረ ገጹ መካከል ያለ ሌላ ምስጠራ) ያለበትን ገጽ ከከፈትሽ ብዙ ጊዜ የሚያየው የትኛው ድረ ገጽ ላይ እንዳለሽ ነው፤ የጻፍሽውን አያይም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የመጣው ደብሊውፒኤ-3 ይህን ቀዳዳ ደፍኖታል። ሁለቱ ወገኖች ምስጢሩን በአየር ላይ ሳይልኩት ይስማማሉ፤ ስለዚህ ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው አድፍጦ ቢያዳምጥ እንኳ ምንም አይፈታም። የማቋረጫ መልእክቱም ጥበቃ አለው።

በነገራችን ላይ ፈተና ላይ «የኔትወርኩን ስም እንደብቅ፣ በማክ አድራሻ እናጣራ» ብለሽ እንዳትጽፊ። ማክ አድራሻ ኢንክሪፕሽን ቢኖርም በፓኬቱ ራስጌ ላይ በግልጽ ይታያል። ያየው ሰው ይገለብጠዋል፣ አለቀ።

መሞከር ከፈለግሽ በራስሽ ራውተርና በራስሽ ሁለት ስልኮች ይሁን። የሰው ኔትወርክ ላይ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፣ በሕግ ያስጠይቃል።