ለጅቡቲ ዳርቻ ወፎች የምትሄጂው እህቴ፣ ባሕሩን ሳትጠይቂ ቀን አትቁረጪ

እህቴ፣ ከሐረር ሆነሽ የጻፍሽውን አነበብኩት። «በኅዳር መጨረሻ ከባለቤቴ ጋር ለሥራ ጉዳይ ወደ ጅቡቲ እንሄዳለን፤ አንድ ነፃ ቀን አለን። በባሕሩ ዳርቻ ጥብቅ ስፍራ ረጃጅም እግር ያላቸውን ወፎች ለማየት ይበቃል ወይ? አስጎብኚስ ያስፈልጋል?» ብለሻል። ስለ ፓስፖርት፣ ስለ ቪዛና ስለ ማደሪያ ሌሎች በቂ መልስ ስለሰጡሽ እኔ አልደግመውም። ከድሬዳዋ እየተነሣሁ ወደዚያ ዳርቻ ስመላለስ የቆየሁ ነኝና እኔን ማንም ያልነገረኝን ልንገርሽ። አንድ ቀን ይበቃል። ቀኑን የሚመርጠው ግን ባሕሩ ነው።

1. መጀመሪያ ጨረቃዋን እዪ። እኛ ከባሕር ርቀን ያደግን ሰዎች ወፍ ለማየት ጎሕ ሲቀድ መነሣት የሚበቃ ይመስለናል። ለሐይቅ ወፍ ልክ ነው። የባሕር ዳርቻ ወፍ ግን የሚበላውም የሚያርፈውም በባሕሩ ሙላትና ሽሽት ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው እስከ ሩቅ ድረስ ይገለጣል፤ ወፎቹም ትልና ሸርጣን ፍለጋ በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ ይበተናሉ። በዚህ ሰዓት ከዳር ብትቆሚ የምታዪው በሙቀት ወላፈን ውስጥ የሚርገበገቡ ጥቃቅን ነጥቦችን ብቻ ነው። ውሃው መመለስ ሲጀምር ጭቃውን ከእግራቸው ሥር እየሸፈነ ወደ አንቺ ያመጣቸዋል። ስለዚህ ሙላቱ ጫፍ ከመድረሱ በፊት ያሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ከቀሩት የቀኑ ሰዓታት ሁሉ ይበልጣሉ። ቀድመሽ ደርሰሽ ፀሐይን ከጀርባሽ አድርገሽ ተቀመጪ፤ ወፎቹ ራሳቸው ይመጡልሻል።

ሙላቱና ሽሽቱ በጣም የሚራራቀው ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን፣ በተለይም ከዚያ ቀጥሎ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ነው። ሐረር ውስጥ በጨረቃ የሚቆጠረውን የሂጅራ ቀን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም፤ ወሩ ከገባ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ጎረቤትሽን ብትጠይቂ የባሕሩን ጠባይ ግማሹን ነገረሽ ማለት ነው። የሙላቱ ሰዓት ደግሞ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በኤደን ባሕረ ሰላጤ በአንድ ቀን ውስጥ የሚመጡት ሁለት ሙላቶች እኩል ከፍታ ስለሌላቸው የጅቡቲን የሙላት ሠንጠረዥ ከኢንተርኔት አውጥተሽ ከፍታውንም አብረሽ ተመልከቺ፤ ሰዓቱ ብቻ አይበቃም።

2. ሰዓት። ጅቡቲና እኛ በአንድ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ነን፤ አቆጣጠራችን ግን ይለያያል። ሠንጠረዡ 10:40 ካለ በእኛ ረፋድ 4:40 ነው። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። ችግሩ በመሐል የሚገባው ሰው ነው። አንድ አማርኛ ተናጋሪ ደላላ «አራት ሰዓት» ያልኩትን እንዳለ ለባለ ጀልባው አስተላለፈለት፤ ባለ ጀልባውም በራሱ አራት ሰዓት፣ ማለትም ከሰዓት በኋላ በእኛ አሥር ሰዓት ላይ ብቅ አለ። ሙላቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ወፉ ሄዷል፤ የከፈልኩት ቀብድም አልተመለሰም። ደላላው ይቅርታ እንኳ አልጠየቀም፤ ጭራሽ «ወፍ እኮ ነገም አለ» አለኝ። ስለዚህ ሰዓቱን በወረቀት ላይ በቁጥር ጽፈሽ ለሚወስድሽ ሰው፣ ሹፌርም ይሁን ባለ ጀልባ፣ ለራሱ አሳዪው።

እግረ መንገዴን፦ ዓርብና ቅዳሜ እዚያ የዕረፍት ቀናት ናቸው። ጫት ከእኛ በኩል እኩለ ቀን ገደማ ሲገባ ደግሞ ከተማው ይቀዘቅዛል። ሙላቱ ከሰዓት በኋላ ከዋለብሽ ከሹፌሩ ወይም ከባለ ጀልባው ጋር ጠዋት ተነጋገሪ፤ ከምሳ በኋላ የምታገኚው ሰው ጥቂት ነው።

3. ቦታው። ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ፣ ከሐራሙስ ጀምሮ እስከ ሎያዳ ድንበር የሚዘረጋው ዳርቻ ረግረጋማ ቦታዎችን ለመጠበቅ በተፈረመው ዓለም አቀፍ የራምሳር ስምምነት የተመዘገበ 3,000 ሄክታር ያህል ረግረግ ነው። ጭቃው፣ አሸዋውና በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ሁሉ እዚያ ነው። ሙሻና ማስካሊ የተባሉት ደሴቶች ደግሞ በጀልባ የሚደረስባቸው ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የጅቡቲ ሕግ ከሐራሙስ ጋር ጥብቅ ስፍራ ተብለዋል። አንድ ቀን ብቻ ካለሽ ደሴቶቹን ተዪአቸው፤ ለዋናና ለኮራል የሚሄድ ሰው ይበዛባቸዋል። በሐራሙስ በኩል መኪና ተከራይተሽ ሂጂ፤ ጭቃው ላይ ግን አትግቢ። ከላይ የደረቀ የሚመስለው እስከ ጉልበት ይውጣል።

አስጎብኚ ያስፈልጋል ወይ ላልሽው፣ ወፍ ለማሳየት አያስፈልግሽም። ነገር ግን የውጭ አገር ጦር ሰፈሮች፣ አውሮፕላን ማረፊያውና ወደቡ ሁሉ ቅርብ ስለሆኑ መነጽርሽን ወዴት ማዞር እንደሌለብሽ የሚያውቅ የአገሩ ሰው ከጎንሽ ይኑር። መነጽርሽ ምንጊዜም ወደ ውሃው ይዙር።

4. የቴሌስኮፕሽ ወረቀት። መያዝሽ አይቀርም ብዬ ነው፤ ያለ እሱ በዚያ ስፋት ላይ ብዙ አታዪም። እህቴ፣ ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ የምታነቢ ከሆነ ይህን አንብቢ።

የእኔ ቴሌስኮፕ ከነባለ ሦስት እግር መቆሚያው ከደመወዜ ቆጥቤ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር መምህር ላይ ያገለገለ የገዛሁት ነው። ስወጣ ፍተሻው ላይ ላለው ሠራተኛ «ይህን ይዤ መውጣቴን መዝግቡልኝ» ብዬ ጠየቅሁ። ሣጥኑን ገልጦ አየና «ያገለገለ ነው፣ አያስፈልግም፣ ይለፉ» አለኝ። ስመለስ ሌላ ሰው ተቀምጧል። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ የደረሰበት ሁሉ ያውቀዋል። «ደረሰኝ?» አለ። ያገለገለ ዕቃ ደረሰኝ ከየት ይመጣል? ሲወጣ መመዝገቡን የሚያሳይ ወረቀት ጠየቀኝ። «የእናንተው ባልደረባ አያስፈልግም አለኝ» ብለው «እሱን ጥራው» አለኝ። ቀጥሎም የጦር መነጽር ነው አለ፤ ከዚያ ደግሞ የንግድ ዕቃ ነው ብሎ የአዲሱን ዋጋ ከስልኩ ላይ አውጥቶ ቀረጡን በዚያ ልክ አሰላው። አብረውኝ የመጡት መንገደኞች ሁሉ ሄዱ፤ እኔ ብቻዬን አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረሁ። «ለወፍ ብሎ ጅቡቲ የሚሄድ ሰው አለ?» ብሎ ለጓደኛው ሲስቅ እየሰማሁት ነው። እኔ በዚህች አገር ለልጆች ሥነ ሕይወት የማስተምር ሰው ነኝ። ያን ሳቅ ዛሬም አልረሳሁትም።

በጎን እንድከፍል በዘዴ ጠቆም አደረጉኝ፤ አልከፈልኩም። ዕቃው እዚያው አደረ። ከትምህርት ቤቴ ደብዳቤ አጽፌ ተመለስኩ፤ ደብዳቤው ማኅተም የለውም ተባለ። ማኅተም አስመትቼ ስመጣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። በመጨረሻ ያዳነኝ ስልኬ ውስጥ የነበረ ፎቶግራፍ ነው። ከመሄዴ በፊት ድሬዳዋ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ቴሌስኮፑን አቁሜ ልጄ ያነሣኝ ፎቶግራፍ ነበር፤ ቀኑ አብሮት አለ። አንዲት የክፍል ኃላፊ ያን አይታ፣ የመለያ ቁጥሩን ከዕቃው ጋር አመሳክራ፣ ያለ አንድ ቃል ፈረመችልኝ። እግዚአብሔር ይስጣት። ዕቃውን ሲመልሱልኝ ግን መስታወቱ ተጭሯል፤ «የማቆያ» የሚል ክፍያም አስከፍለውኛል።

አንቺ እንዲህ አድርጊ። የቴሌስኮፑንና የካሜራውን የመለያ ቁጥር ጎልቶ በሚታይበት ሁኔታ ቤትሽ ሆነሽ አንሺ፤ ሐረር ውስጥ ማንም በሚያውቀው ቦታ፣ ጀጎል በር ላይ ቢሆን ጥሩ ነው፣ አንዱን ደግመሽ አንሺ። ስትወጪ «አያስፈልግም» ቢሉሽ እንኳ መውጣቱ በጽሑፍ ተመዝግቦ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሳይሰጡሽ ከዚያ አትነሺ። ባቡሩ ይሄድብኛል ብለሽ እንዳትሸበሪ ቀደም ብለሽ ድረሺ፤ ሰው የሚሸነፈው በዚያ ጥድፊያ ነው። እኔ አሁን ወረቀቱ በእጄ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው አላቆመኝም።

ባቡሩን ካነሣሁ፦ አዲሱ ጣቢያ ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ያለ ነው፤ የጅቡቲው ናጋድ ጣቢያም እንዲሁ ከከተማው ውጭ ነው። የመንገደኛው ባቡር የሚነሣበት ቀን ከሙላቱ ቀን ጋር ካልገጠመ ባቡሩን ተዪና በሌላ መንገድ ሂጂ። ይህን የምለው የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ሆኜ ነው። ከተማዬ ሐዲዱ ከጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ ባሕሩንም መጀመሪያ የሰማሁት ከአባቴ አፍ ነው።

አሁን ወደ ወፎቹ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ ጣጣ የሚያስችለው እሱ ነውና። የምትፈልጊው ክራብ ፕሎቨር የሚባለውን ነው። ነጭ አካል፣ ጥቁር ጀርባ፣ ጥቁር ወፍራም ምንቃር፣ ረጃጅም ግራጫ እግር፤ ከሩቅም አይሳትም። በወፎች አመዳደብ ብቻውን የራሱ ቤተሰብ ያለው ነው፤ የሚራባውም በዋናነት በቀይ ባሕር፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ በፋርስ ባሕረ ሰላጤና በአካባቢያቸው ባሉ የባሕር ዳርቻዎች ነው። አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነጭ እንቁላል ይጥላል፤ የአሸዋው ሙቀትም እንቁላሉን በማሞቅ ያግዘዋል። በኅዳር ስትሄጂ ያደጉ ጫጩቶች ከወላጆቻቸው ጋር ታገኚያለሽ፤ ቀለማቸው ደብዘዝ ያለ፣ ጀርባቸው ግራጫ ነው። ቁመታቸው ከወላጆቻቸው እኩል ሆኖ ሳለ አሁንም አጎንብሰው እየጮኹ ይለምናሉ፤ እናት ወይም አባትም ሸርጣኑን ሰባብሮ ያጎርሳል። ክፍል ውስጥ ስለ ወላጅ እንክብካቤ ሳስተምር የኖርኩትን ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። ሳልንቀሳቀስ ውሃው ጫማዬን እስኪነካ ተቀምጬ ቀረሁ።

ከነሱ ጋር ከሩቅ ሰሜን የመጡትን ታያለሽ፦ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የታጠፈው ከርሉ፣ ምንቃሩ ወደ ላይ ቀና ያለው ጎድዊት፣ ከሳይቤሪያ ጫፍ የሚመጣው ትንሹ ከርሉ ሳንድፓይፐር፣ ዓይነ ትልቁ ግራጫ ፕሎቨር። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርዝር ውስጥ ለመጥፋት ተጋላጭ ወደሚባለው ደረጃ ገብተዋል። ስለዚህ ለፎቶግራፍ ብለሽ መንጋውን አታስነሺ፤ ባለቤትሽም እንዲሁ። እዚያ የሚያጠራቅሙት ስብ በሚያዝያ ወደ ሰሜን መመለሻ ስንቃቸው ነው፤ ባስነሣሻቸው ቁጥር ከስንቁ ትቀንሺባቸዋለሽ። አንድ ጊዜ ጎብኚዎች ለቪዲዮ ብለው መንጋው ውስጥ ሲሮጡ አይቼ በቁጣ ጮኬባቸዋለሁ፤ ዛሬም ብሆን እጮሃለሁ።

ሙቀቱን አትናቂው። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤ ሙቀት ብርቄ አይደለም። የባሕሩ ወበቅ ግን ሌላ ነው፤ ላቡ አይደርቅም። ለሐረር ሰው ደግሞ የባሰ ነው። ኅዳር መምረጥሽ መልካም ነው፤ በሐምሌ ብትይኝ አትሂጂ እልሽ ነበር። ውሃ ከምታስቢው በላይ ያዢ፤ ዳርቻው ላይ ጥላ የለም።

እስከዚያው ሐረማያ ሐይቅ ላይ ተለማመጂ፤ ደጃፍሽ ነው። ደርቆ የነበረው ውሃ ተመልሷልና ዳር ዳሩን የሚራመዱ ወፎች አታጪም። ቀይ ረጃጅም እግር ያለውን ስቲልት ከሌሎቹ ለይተሽ፣ ቴሌስኮፑን በፍጥነት ማስተካከል ከለመድሽ ጅቡቲ ላይ ጊዜ አታባክኚም። የወፎች መለያ መጽሐፍ ከሌለሽ የእኔን አውስሻለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሐረር የሚመጣ ዘመድ አለኝ።

የጉዞሽን ቀኖች ጻፊልኝ። የዚያን ሳምንት ሙላት ከሠንጠረዡ አውጥቼ፣ በእኛ ሰዓት አስልቼ እልክልሻለሁ።