የሽልማቱ ገንዘብ ከየት መጣ?

ልጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ?

ደሴም ኮምቦልቻም ቡና ልጠጣ ስቀመጥ፣ አጠገቤ ያሉ ወጣቶች ስልካቸውን እያዩ ፖከር ስለሚባለው የካርታ ጨዋታ ውድድር ሲያወሩ እሰማለሁ። «10,000 ዶላር ጋራንቲ!» ይባላል። አብሽሩ፣ ልቆጣችሁ አይደለም። ዕድሜዬን በሂሳብ መዝገብ ላይ የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ስለ ሂሳቡ ብቻ ላውራችሁ።

የመግቢያ ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ተከፍሎ ይጻፋል። 10 ዶላር ሲደመር 1 ዶላር እንበል። አስሯ የሽልማቱ ቋት ውስጥ ትገባለች። አንዷ የቤቱ፣ ማለትም የአወዳዳሪው ድርጅት ናት፤ አሸነፋችሁም ተሸነፋችሁም አትመለስም። እኔ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። 100 ሰው ቢገባ 1,100 ዶላር ያዋጣና 1,000 ይካፈላል። ሁሉም እኩል ችሎታ ቢኖራቸው እያንዳንዱ በአማካይ አንድ አንድ ዶላር ይከስራል ማለት ነው።

እቁብ ስለለመድን ነገሩ ያሳስተናል። እቁብ ላይ ያዋጣችሁትን ተራችሁ ሲደርስ ትወስዳላችሁ። እዚህ ተራ የሚባል ነገር የለም። ከመቶው ሰው ገንዘብ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ለአስር፣ ለአስራ አምስቱ ነው። ከእነሱም የብዙዎቹ ድርሻ ከመግቢያው እምብዛም አይበልጥም። ወፍራሙ ብር ያለው መጨረሻ ላይ ለሚቀሩት ጥቂት ሰዎች ነው።

ወደ ጋራንቲው እንምጣ። ቤቱ «ሽልማቱ ከ10,000 ዶላር አያንስም» ይላል። 1,500 ሰው ከገባ ቋቱ በራሱ 15,000 ይሞላል። ያኔ ጋራንቲው ማስታወቂያ ብቻ ነው፤ ለእናንተ አንዲት ሳንቲም አልጨመረም። 800 ሰው ብቻ ከገባ ግን የተሰበሰበው 8,000 ነው። የጎደለውን 2,000 ቤቱ ከኪሱ ይሞላል። ተጫዋቾቹ ይህን ኦቨርሌይ ይሉታል። ለ800 ሲካፈል በሰው 2.50 ዶላር ይደርሳል። የቤቱ 1 ዶላር ተቀንሳ እንኳ 1.50 ትተርፋለች። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ስለዚህ ሂሳቡን የተረዳ ሰው የጋራንቲውን ትልቅነት አያይም፤ ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ስንት መግቢያ እንደተከፈለ ያያል። ወድቆ ደግሞ መግባት ከተፈቀደ ሦስቴ የከፈለ ሰው ሦስት ሆኖ ይቆጠራል። ያ ትርፍ በመጨረሻዋ ሰዓት የሚበላውም በዚህ ነው።

ክሪስ መኒሜከርን የምታነሱብኝ አላችሁ። እውነት ነው፤ እንደ እኔው የሂሳብ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በ86 ዶላር የኢንተርኔት ማጣሪያ ገብቶ፣ መግቢያው 10,000 ዶላር የሆነውን የዓለም ውድድር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ተወዳዳሪዎቹ 839 ነበሩ። ከሌሎቹ 838 ስንቱን በስም ታውቃላችሁ?

ሌላም አለ። ስክሪን ላይ የሚታየው ቀሪ ሂሳብ ባንክ ውስጥ አለ ማለት አይደለም። ፉል ቲልት ፖከር የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ መንግሥት ሲከሰው፣ ለተጫዋቾች ወደ 390 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ እያለበት ባንክ ውስጥ የነበረው 60 ሚሊዮን ገደማ እንደሆነ ክሱ ይናገራል። ኦዲት ስሠራ የኖርኩ ሰው ይህን ሳነብ ራሴን ነው የያዝኩት። እናንተ ደግሞ ዶላሩን በሰው በኩል የምትገዙ ከሆነ፣ ገና ካርታ ሳይታደል የምንዛሪው ልዩነት በልቷችኋል። ያቺ 1.50 የት እንደምትደርስ አስቡት።

መጫወታችሁ ካልቀረ ደብተር ግዙ። ባንድ በኩል መግቢያውን፣ የቤቱን ድርሻና ምንዛሪውን፣ በሌላው የተመለሰውን ጻፉ። የተሸነፋችሁበት ቀን አይዘለል። የሃያ ሠላሳ ውድድር ውጤት ግን ስለ ችሎታችሁ ምንም አይነግራችሁም፤ በዚህ ጨዋታ ዕድሉ ብዙ ነው፣ የሚታመን ነገር የሚታየው በመቶ የሚቆጠሩ ውድድሮች ከተደመሩ በኋላ ነው። ደብተሩን ይዞ ቤቴ ለመጣ ቡና አፍልተን አብረን እንደምራለን። ለመግቢያ የሚሆን ብድር ግን እኔ ዘንድ የለም።