ሳይታይ የሚታወቅ ነገር፦ ስለ ጥንት ህንድ ፈላስፎች ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የጥንት ህንዶች ከሚታየው ተነስተው የማይታየውን ምክንያት እንዴት ያውቁ እንደነበር ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ዛሬ ማታ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ሳንስክሪቴ ይንገዳገዳል ግን መጽሐፎቹን ስገላብጥ ከርሜያለሁ።

ጥያቄ፦ ጭስ ካየህ እሳት አለ ማለት ነው አይደል? ይሄማ አያቴም ታውቀዋለች፣ ምኑ ነው ፍልስፍና?

አያትህ ልክ ናቸው። ኒያያ የሚባሉት የሎጂክ ሰዎች በአምስት ደረጃ ነው የሚያስቀምጡት፦ ተራራው ላይ እሳት አለ፣ ጭስ ስላለ፣ ጭስ ባለበት ሁሉ እሳት አለ ልክ እንደ ማድቤት፣ ይሄም ተራራ እንደዛው ይጨሳል፣ ስለዚህ እሳት አለ። ክርክሩ ያለው ሶስተኛው ላይ ነው፣ «ሁሉ» የምትለዋ ቃል ላይ። ቪያፕቲ ይሉታል፣ ሁለቱ ነገሮች አለመለያየታቸው ማለት ነው። ገልብጠህ «እሳት ባለበት ሁሉ ጭስ አለ» ብትል ትወድቃለህ፣ የጋለ ብረት እሳት አለው ግን አይጨስም። ጭሱ የሚመጣው እንጨቱ እርጥብ ሲሆን ነው። እንደዚህ ተደብቆ የሚያሳስተውን ነገር ኡፓዲ ብለው ስም አወጡለትና ከዛ በኋላ ለብዙ መቶ አመት እሱን ሲያድኑ ኖሩ።

ጥያቄ፦ እኛ ቆላ ነን፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ወንዙ ድንገት ደራሽ ያመጣል፣ ደጋው ላይ እንደዘነበ እናውቃለን። ይሄ ይገባል?

ይገባል ብቻ ሳይሆን የነሱም ምሳሌ ይሄው ነው! የኒያያ ሱትራ (የኒያያዎቹ መነሻ መጽሐፍ) ከሚታየው ወደማይታየው የሚኬድበትን መንገድ ሶስት አይነት ነው ይላል፣ ከምክንያት ወደ ውጤት (ደመና አይቶ ሊዘንብ ነው ማለት)፣ ከውጤት ወደ ምክንያት (ያንተ ወንዝ)፣ ሶስተኛው ላይ እመለስበታለሁ። ደስ የሚለው ራሱ ሱትራው ተቃውሞውን ማምጣቱ ነው፣ ወንዙ እኮ ታች ተገድቦም ሊሞላ ይችላል ይላል። መልሱ ደግሞ እሱ ሌላ አይነት መሙላት ነው የሚል ነው። ቫትስያያና የሚባለው ተንታኝ ዝርዝሩን ያመጣል፦ ውሃው ከወትሮው ይፈጥናል፣ አረፋ ይይዛል፣ ፍሬና ቅጠል ግንድም ያግተለትላል። ማለት ወንዝ ሞላ ብሎ ብቻ ዝናብ ማለት አይቻልም፣ ምልክቱን ጠጋ ብለህ ማየት አለብህ። ከሁሉም ይሄን ነው የምወድላቸው።

ጥያቄ፦ እሺ እሳትንም ዝናብንም ሌላ ቀን አይተናቸዋል። ማንም ጨርሶ አይቶት የማያውቀውንስ?

እዚህ ጋ ነው ሶስተኛው የሚመጣው። የቫትስያያና ምሳሌ ፀሐይ ናት፣ ስትሄድ አናያትም ግን ጠዋት እዚህ ማታ እዚያ ናት፣ ቦታ የሚቀይር ነገር ሁሉ ደግሞ ይንቀሳቀሳል፣ ስለዚህ ትሄዳለች (የምትዞረው መሬት ናት አትበሉኝ፣ አውቃለሁ)። ሳንኪያ የሚባሉት ሌላ የፍልስፍና ወገኖች ይሄን መንገድ በጣም ገፉት። «አልታየም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም ብለው ነገር የማይታይበትን ስምንት ምክንያት ዘረዘሩ፦ በጣም ሲርቅ፣ በጣም ሲቀርብ (አይንህ ላይ ያለው ኩል)፣ አይን ሲታመም፣ ልብ ሌላ ቦታ ሲሄድ፣ ሲረቅ፣ ግድግዳ ሲጋርደው፣ የሚበልጠው ሲውጠው (ቀን ላይ ኮከብ)፣ ከመሰሎቹ ጋር ሲቀላቀል (ባቄላ ክምር ውስጥ የገባች አንዲት ባቄላ)። ከዛ የአለም ሁሉ መነሻ የሆነችው ፕራክሪቲ የማትታየው ስለረቀቀች ነው፣ በውጤቷ ግን ትታወቃለች አሉ። እርጎ የፈለገ ሰው ወተት ነው የሚያመጣው ውሃ አያመጣም፣ ውጤት ከምክንያቱ ውስጥ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ከአለም ጸባይ የመነሻዋን ጸባይ ማንበብ ይቻላል ባይ ናቸው። እኔን ግማሹ ብቻ ነው የሚያሳምነኝ።

ጥያቄ፦ ከዛ «ፈጣሪ አለ» ወደሚለው አልሄዱም?

ኒያያዎቹ ሄደዋል። ትልቁ ጠበቃቸው ኡዳያና ነው፣ አንዱ መጽሐፉ ላይ ያለው ቀን ባውሮፓ 984 ላይ ይውላል። ማሰሮ ሰሪ አለው፣ ምድርና ቡቃያም እንደ ማሰሮ ውጤት ናቸው፣ ስለዚህ ሰሪ አላቸው ነው ነገሩ። ሰሪ ሁሉ አካል አለው ሲሏቸው ደግሞ ሰሪ የሚያሰኘው እውቀት፣ ፍላጎትና ጥረት ነው እንጂ እጅና እግር አይደለም ብለው ይመልሳሉ።

ግን ከኡዳያና ብዙ ቀድሞ፣ 7ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ፣ ቡድሂስቱ ዳርማኪርቲ አንድ ነገር ተናግሮ ነበር፣ ኩይሳውስ? ኩይሳም ከጭቃ የተሰራ ቅርጽ ያለው ነገር ነው፣ ታዲያ ሸክላ ሰሪ ነው የሰራው? ማሰሮ ሰሪ እንዳለው የምናውቀው ሸክላ ሰሪዋ ስትሰራ ስላየን ነው፣ ሁለት ነገር በአንድ ቃል «ቅርጽ» ስለተባለ ብቻ ምክንያታቸው አንድ አይሆንም። መንገድ ዳር ኩይሳ ባየሁ ቁጥር ዳርማኪርቲ ትዝ ይለኛል። በኔ እይታ ወንዙ ላይ የተባለው ነገር ነው የተመለሰው፣ ምልክቱን ጠጋ ብለህ እይ።

ጥያቄ፦ ይሄን ሁሉ አንቀበልም ያለ የለም?

ቻርቫካዎች አሉ፣ በአይን ከታየው በቀር አንቀበልም የሚሉት ወገኖች። ያለፈውንም የሚመጣውንም ጭስ ሁሉ አላየህም፣ «ሁሉ» ከየት አመጣህ ይላሉ። ኡዳያና ሲመልስ ያ ጥርጣሬህ ራሱ ስላላየኸው ቦታና ጊዜ ነው፣ እነሱ መኖራቸውን በምን አወቅክ ይላል። ኒያያዎቹ ሌላም መልስ አላቸው፣ እንደዛ የምትጠራጠር ከሆነ ሲርብህ ለምን ምግብ ትፈልጋለህ?

ጥያቄ፦ ማግኔትስ? ያኔ ምን ይሉት ነበር?

ቫይሼሺካ የሚባሉት የኒያያ ቅርብ ወገኖች መርፌ ወደ ማግኔት የሚሄደው በአድሪሽታ ነው ይላሉ፣ ቃሉ ራሱ «ያልታየ» ማለት ነው። የእሳት ነበልባል ወደላይ መውጣቱንም እዛው ይከቱታል። እዚህ ጋ እንኳን ላለማወቅ ስም ያወጡለት ነው የሚመስለኝ።

ጥያቄ፦ የወፍራሙ ሰውዬ ታሪክ ምንድነው? የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ።

ዴቫዳታ! ቀን ቀን ምንም አይበላም፣ ግን ወፍራም ነው። ስለዚህ ማታ ይበላል። ሚማንሳ የሚባሉት ሌላ ወገኖች ይሄ ራሱን የቻለ የእውቀት መንገድ ነው ይላሉ፣ ኒያያዎች ደግሞ ያው የጭሱ አይነት ነው ብለው ይሟገታሉ። እኔ ደግሞ ቀንም ማታም አልበላሁም፣ እራቴ እየቀዘቀዘ ነው፣ የቀረውን ነገ።