«የጉድጓድ ጉድጓድ» እንዳይሆን

ጥያቄ፦ ከሲሲሊ በስተሰሜን ስላለችው ስለ ቩልካኖ ደሴት የተጻፈ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «ክሬተር»ን ጉድጓድ ልበለው ወይስ አፍ? «ካልዴራ»ስ? ደግሞ እሳተ ገሞራ የሚባለው ተራራው ነው ወይስ እሳቱ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። «እሳተ ገሞራ» በግዕዝ አገባብ የተናበበ ነው፤ የገሞራ እሳት ማለት ነው። ገሞራ ከሰዶም ጋር የጠፋችው ከተማ ናት። በእርግጥ እዚያ እሳትና ዲኑ የዘነበው ከሰማይ ነው፤ እዚህ ከመሬት ይወጣል። ስም ያወጣለት ሰው ስለ አቅጣጫው ብዙም አልተጨነቀም! ስለዚህ መነሻው እሳቱ ነው፤ ዛሬ ግን ተራራውንም እንጠራበታለን። «ቩልካኖ እሳተ ገሞራ ናት» ቢሉ ማንም አይቆጣዎትም።

ፈረንጆቹ ደግሞ «ቮልካኖ» የሚሉት ከዚህችው ደሴት ወስደው ነው። ሮማውያን የአንጥረኛው አምላክ የቩልካን ወናፍ ከሥሯ ያለ ይመስላቸው ነበር።

«ክሬተር» እሳቱ የሚወጣበት፣ ተራራው ላይ ያለው ክፍት ቦታ ነው። ቃሉ ግሪክ ነው፤ ወይን ከውሃ ጋር የሚቀላቀልበት ሰፊ ዕቃ። ገበቴ ልንለው ነው እንዴ? እኔ «አፍ» እመርጣለሁ። ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ከአፍ ግን ነገር ይወጣል። እዚህ ላይ ሌላም ምክንያት አለ። የደሴቷ ዋና ተራራ ስሙ ላ ፎሳ ነው፤ ከፍታው 391 ሜትር፣ አፉ ዙሪያው በዲን ቢጫ የለበሰ፣ እስከ ዛሬ የሚተን። «ፎሳ» በጣሊያንኛ ጉድጓድ ነው! «የላ ፎሳ ጉድጓድ» ካሉ ጣሊያንኛ የሚያውቅ አንባቢ ይስቅብዎታል።

«ካልዴራ» በስፓኒሽ ትልቅ ድስት ነው፤ ነገሩ ግን አፍ አይደለም። ከሥር ያለው ቅልጥ አለት ወጥቶ ሲያልቅ ከላይ ያለው መሬት ተደርምሶ ይሰምጣል። ላ ፎሳ ራሱ የበቀለው እንዲህ በሰመጠ ቦታ ውስጥ ነው። ቃሉን እንዳለ ይተዉትና አንድ ጊዜ ያብራሩት።

ያልጠየቁኝን ልጨምር። «ፈነዳ» ለሁሉም አይሆንም። ኤርታ አሌ ብዙ ጊዜ እንደ ወተት ይገነፍላል፤ «ገነፈለ» ይበሉለት። ቩልካኖ ግን ከ1888 እስከ 1890 እ.ኤ.አ. በእርግጥም ፈንድታለች። የወረወረቻቸው ድንጋዮች ውጫቸው ቶሎ ቀዝቅዞ ሲጠነክር፣ ውስጣቸው ያለው ጋዝ እየነፋ ቅርፊቱን ሰነጣጠቀው። ባለሙያዎቹ «የዳቦ ቅርፊት ቦምብ» ይሏቸዋል። ይህን እንዳለ ይተርጉሙት፤ ድፎ ዳቦ አናቱ ተሰንጥቆ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል።